የታጠበው ምሳ ዕቃ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን ቤቱን አልበረበሩም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ገብተው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ሄዱና ከሥሩ የተለጠፈውን አቤቱታ አወጡ። ስለታሰሩ የሰፈራችን ወጣቶች በእጄ የጻፍኩት ነበር። እዚያ መኖሩን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ።

ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። የማስበው ኪሴ ውስጥ ስለቀሩት ሁለት የትራማዶል ፍሬዎች ነበር። መጋዝ እጄን ከቆረጠኝ ወዲህ ለሕመሙ የጀመርኩት ኪኒን፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም አልለቀቀኝም። ጣቢያው በር ላይ ፈትሸው ወሰዱብኝ።

ክፍሉ ለስምንት ሰው ቢበቃ ነው፤ ሃያ ሦስት ነበርን። በማግስቱ ኪኒኑን የማጣት ሕመም ጀመረኝ። ዓይንና አፍንጫዬ ይፈሳል፣ እግሬ በራሱ ጊዜ ይራገጣል፣ ሆዴ ውሃ እንኳን አልይዝ አለ። አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ እንደኔው በፖለቲካ የተያዙ የሰኮሩ ገበሬ ናቸው። ምን እወስድ እንደነበር በለሆሳስ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። ጋቢያቸውን ደረቡልኝ፣ ጥግ ላይ እስካለው መጸዳጃ ባልዲ ድረስ እየደገፉ ወሰዱኝ።

ወንድሜ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ስንቅ ያመጣል። አምጪው ዘበኛው ፊት ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም፤ እየቀመሰ ይልክልኛል። በኮዳ ደግሞ አብሽ ይልካል። ሽማግሌው አብሹን በማንኪያ እየጋቱኝ፣ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምህ ወርቅ ነው” ይሉኛል። እኔም አለቅሳለሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠያቂ ተፈቀደ። ወንድሜ ከሽቦው ማዶ ሆኖ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ድነሃል” አለ። ከዚያ አቀረቀረ። “ሦስት ቀን ብቻ እናቆየዋለን ነው ያሉኝ፣ ወላሂ። ከኪኒኑ እንዲለይ ያዙልኝ ብዬ ነው የሄድኩት። በኪኒን አንይዝም፣ ሌላ ነገር ካለው ንገረን አሉኝ።”

“ጠረጴዛውን ነገርካቸው?”

“እየሞትክብን ነበር እኮ፣ ኦቦሌሳ ኮ።”

ወንድሜ ማለቱ ነው። በምርመራ የደረሰብኝን ሁሉ ችዬ ነበር፤ ይቺን ቃል ግን አልቻልኳትም። የገዛ ወንድሜ ሸጠኝ፣ ያውም ለኔው ብሎ። ጀርባዬን ሰጥቼው ገባሁ።

በማግስቱ ምሳ አልበላም አልኩ። በኛ ክፍል የሁሉም ስንቅ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ የሱን ትቼ የሌላውን ልብላ ብል አልችልም። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ትሪውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

“ትሪው ላይ ከወደቀ በኋላ የሱ አይደለም፤ የሃያ ሦስታችን ነው” አሉኝ።

በላሁ። ምሳ ዕቃ የሚያጥበው ተረኛ ነው፤ ባዶው ሲመለስ ደግሞ ቃል አብሮ ይላካል። ካልሲ አምጡልኝ ይባላል፣ እማዬን ሳሙልኝ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ የኔን ራሴ አጠብኩ፤ ቅባቱ እስኪለቅ በሳሙና አሽቼ። ዘበኛው ምን ልበልልህ ሲለኝ “ምንም” እለዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ ነበር። ወንድሜ ባዶውን ተቀብሎ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይልና ይሄዳል አለኝ ዘበኛው።

ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኪኒን አልነካሁም። ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለኔ እያነሳ፣ ቤተሰብ ባይኖረው ኖሮ ይሄኔ ሞቶ ነበር ይላል። ውሸት ቢሆን በተሻለኝ። አምስቱን ወር ግን አያነሳም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያስያዘኝ እሱ መሆኑን እናታችን እስከዛሬ አታውቅም፤ በሷ ምክንያት ዝም ብያለሁ።

በዒድ ቤቱ እሄዳለሁ፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከበላሁ በኋላ ተነስቼ የነካሁትን ዕቃ ራሴ አጥባለሁ። ሚስቱ ተው እንጂ፣ እንግዳ ነህ እንዴ እያለች ልትቀማኝ ትታገላለች። ወንድሜ ግን አንድም ቀን ተው ብሎኝ አያውቅም።