በሰሊጡ ማሳ የማልሁት መሐላ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳያውቀው ዐረፈ። ልጆቼም አያውቁትም። ለነፍስ አባቴ በየዓመቱ «በሐሰት ምያለሁ፣ አባ» እላቸዋለሁ፤ ስግደት ያዝዙኛል፣ እሰግዳለሁ። ለምን እንደማልሁና ማን እንደሞተበት ግን አልነገርኋቸውም። ግማሽ ኑዛዜ ኑዛዜ ነው? አይደለም። እግዚአብሔርን ማታለል ነው።

አሁን አፌን ያስከፈተኝ ንዴት ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ አብራሪ ስለ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ይተርካሉ። በፈረንጆቹ ታላቅ ጦርነት ጊዜ የተሠራች፣ የሠሯት ሰዎች ጥለዋት እኛ ዘንድ ግን እስከ ደርግ ዘመን የበረረች ናት አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የተዋጋችው በመተማ ቆላ ነው፤ ከኮኪት ከተማ ወዲህ የጠላት ድንኳኖች ተደርድረው አዩና መቱ፤ በሰላም ተመለሱ። ጠያቂው አደነቃቸው። ልጄም «እማዬ፣ በኛ አገር እኮ ነው!» ብሎ ደስ አለው።

ድንኳን! የምን ድንኳን? ሂላ ነበር። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ የቆመ ሰሊጥ። የኔ ሰሊጥ። ጠላት የተባለውም ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ እንየው የሚባል ሰው ነበር። በእጁ ከማጭድ በቀር አልነበረም። አሮጌ ብረት እንደ ባለውለታ ትወደሳለች፤ እሱ ስም እንኳ የለውም።

በሬዲዮው ተናደድሁ። በሽማግሌው ተናደድሁ። ጸሎት ላይ ቆሜም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ኋላ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። እሳቸው ድንኳን መስሏቸው ነው። እኔስ ምን መስሎኝ ነው?

ያኔ ከተዳርሁ ዓመት አልሞላኝም። ባለቤቴ ጆንያ ሊገዛ ጎንደር ወጥቶ፣ ማሳውንና ዐሥራ ሁለት ሠራተኞችን ለኔ ትቶልኝ ነበር። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሲደርስ ቅርፊቱ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያው ሰሞን ከሱዳን በኩል የገቡ ተዋጊዎች ከመንግሥት ጋር ይዋጉ ነበርና ያቺ አውሮፕላን በየቀኑ ረፋድ ላይ ትመጣለች። ድምፅዋ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ይመስላል። ሠራተኞቹ ሲሰሟት ማጭዳቸውን ጥለው ወደ ደረቁ ወንዝ ይሮጣሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ጠዋት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ መጣ።

«እትዬ ብርቄ፣ እኛ ኮኪት እንገባለን። እሷ ሳትሄድ አንሠራም» አለኝ።

ሰሊጡን አየሁት። ከሥሩ መከፈት ጀምሯል።

«ከከተማ ሰው መጥቶ ነግሮኛል» አልሁ። «አርጅታለች፣ ጥይት የላትም። ለማስፈራራት ነው የምትዞረው።»

የመጣ ሰው አልነበረም።

እንየው ቀልደኛ ነበር፤ ሳቀ። «እስቲ ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!» አልሁ።

«በቃ!» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «ማርያምን ካለች ምን ቀረ? ተነሡ እንጂ! አንተም ካቦ፣ ያንተን ሩጫ እንደሁ አውሮፕላኗም አትደርስበት።»

እየሳቁ ተነሡ። እኔን አምነው አልነበረም፤ የእመቤታችንን ስም አምነው ነው። እኔ ስሟን ለሰሊጥ ማሳጨጃ አደረግሁት።

ረፋድ ላይ ውኃ ይዤላቸው ማሳው መሐል ሳለሁ አውሮፕላኗ መጣች። አንድ ጊዜ ዞረች። ማንም ቀና አላለም። «ይቺ አሮጊት ከካቦ ትሻላለች፤ አይታ ዝም ትላለች» አለ እንየው። ሳቁ። ዝቅ ብላ ስትመለስ ግን እኔ ሮጥሁ። ጥይት የላትም ብዬ የማልሁት እኔ፣ ውኃውን ጥዬ ወደ ወንዙ ሮጥሁ።

እግሬ ሮጠ፤ አፌ ግን አልጮኸም። ለምን አልጮኽሁም? «ሩጡ» ብል ውሸቴ ይገለጥብኝ ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳ የሳሳሁት ለስሜ ነው። ዐሥራ ሁለት ነፍስ ከኋላዬ ጎንብሶ እያጨደ እኔ ለስሜ ሳሳሁ!

እንየው ስሮጥ አየኝ። ዐይን ለዐይን ተያየን፤ ገባው። ለወንዙ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነበር፣ ዘሎ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ሩጡ! ሩጡ!» እያለ ጮኸ። ዐሥራ አንዱ ሮጡ። አንዱ ክንዱን ተመታ፣ ተረፈ። እንየው ሁሉንም አሳልፎ መጨረሻ ላይ ተነሣ። አልደረሰም።

ነጠላዬን ቀድጄ የቆሰለውን አሰርሁለት። ሰው ሁሉ አብራሪውን ረገመ፣ እኔን መረቀ። «ያ ከከተማ የመጣው ሰው አሳስቷት ነው» አሉ። የሌለ ሰው ሲረገም ዝም ብዬ ሰማሁ። ያገሩ ልጆች ጋቢውን ለእናቱ ወሰዱላት። እሷም «ልጄን በወግ የቀበረችልኝ ትባረክ፣ ልጅ አይጥፋባት» ብላ ላከችብኝ። ያን ምርቃት ተቀበልሁ። እንዴት ተቀበልሁት?

ምርቃቷም ደረሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስድስት ልጆች ሰጥቶኝ አንዱንም አልነሣኝም። ዝናብ አልከለከለኝም፣ ጤና አልከለከለኝም። ላመሰግነው እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ግን ያቺ ያላየኋት እናት ፊቴ ትቆማለች።

ዝም ብል ኖሮ እንየው በሬዲዮ እንደተባለው ጠላት ሆኖ ይቀር ነበር። ጠላት አልነበረም። ዘመዶቹ በሕይወት ካላችሁ ይህን ከኔ ስሙ፦ ወንድማችሁ ሰው አድኖ ነው የሞተው፤ ያስገደለውም የኔ መሐላ ነው። ለነፍስ አባቴም ዘንድሮ ሙሉውን እነግራቸዋለሁ።

ልጄ ይህን ሲያነብ «ልጅ ነበርሽ እኮ፣ እማዬ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አይበል። ልጅ አልነበርሁም። እንየውን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ሠራተኞቹ ሐዘን ተቀምጠው ሳሉ፣ «ሰሊጡ እየረገፈ ነው» ብዬ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። እሱ የጀመረውን መስመር ሌላ ሰው ጨረሰው።