ወንድሜ እስኪመጣ የቆመው ምሰሶ

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ሰዎች የለቅሶ ድንኳን ሲተክሉ አየሁ። የእርጥቡ ሸራ ሽታ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ መስኮት ገባ።

አባቴ ሲሞት ገና ልጅ ነበርኩ። ጫግኒ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ከአባባ ጋር እንደተኳረፈ ነበርና ለቀብሩ አልደረሰም። የዚያን ዕለት ማታ ነፋስ ተነሳና የድንኳኑ መሀል ምሰሶ መጋጠሚያው ላይ ተሰበረ። ሸራው ለቀስተኛው ላይ ወረደ።

ጎረቤታችን አያ ታፈረ ከአጥራችን ቀርከሃ ቆረጡና በተሰበረው የምሰሶው ብረት ቧንቧ ውስጥ ከላይም ከታችም አስገቡት።

«ያዥ፣ አጥብቀሽ!» አሉኝ፤ ከውጭ በጎማ ጠፍር ይጠመጥሙት ጀመር።

«አያ፣ ይቆማል ይላሉ?»

ቋጠሮውን በጥርሳቸው እየሳቡ፣ «ወንድምሽ እስኪመጣ ይቆማል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምሰሶውን እዳብሳለሁ፤ ባጃጅ በጮኸ ቁጥር ወደ ደጅ እሮጣለሁ። እማማ «አረፍ በይ ልጄ» ትለኛለች፤ የእሷም ዓይን ከመንገዱ አይነቀልም።

ሠልስቱ ወጥቶ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲመጡ ምሰሶውን አቀፍኩት።

«ገና አልመጣም እኮ!»

አያ ታፈረ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁ። «ልጄ፣ እኔ ማሰር የምችለው ምሰሶ ብቻ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ወንድሜ ዛሬም ጫግኒ ነው። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ረዳት «ጫግኒ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እኔ የተሳፈርኩት ወደ ዳንግላ ነው። ቦርሳዬን ታቅፌ ብድግ አልኩ፤ መልሼ ተቀመጥኩ።