አቃቂ ላይ የሰርቪሱ ሾፌር የጠየቀኝ

ከስድስት ኪሎ ወደ ቃሊቲ

ከቤቴ ማልጄ ወጣሁ። የምሄደው ቂሊንጦ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ወዳለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። ሥራዬ የጡት ግንደ ሕዋስ ማጥናት ነው። ግንደ ሕዋስ የምንለው ሌሎቹን ሕዋሳት የሚወልደውን ነው። ልጃገረድ ስታድግ ጡቷን የሚሠራው፣ ስታረግዝ ለወተት የሚያዘጋጀው፣ ጡት ካስጣለች በኋላ ደግሞ የፈረሰውን መልሶ የሚጠግነው እሱ ነው። ይህ ሁሉ መሠራትና መፍረስ አንድ ቦታ ላይ መስመር ሲስት ካንሰር ይሆናል። እንዴት እንደሚስት ለማወቅ ወጣትነቴን ሰጥቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ብርዳማ አገር በአይጦች ላይ፣ ኋላም እዚህ አገሬ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ፍሪጁ በምንሮጥበት ላቦራቶሪ።

የዚያን ቀን ዓላማዬ ሁለት ነበር። ለፋብሪካው ሴቶች ስለ ጡት ካንሰር ላስረዳ፤ ወደፊት ቀዶ ጥገና የሚደረግላት ካለችም ከሚወጣው እብጠት ላይ ቁራጭ ለጥናታችን እንድትሰጥ ልጠይቅ።

ባቡሩን ጠብቄ አልመጣ ሲለኝ ታክሲ ያዝኩ። ከሳሪስ ወዲያ መንገዱን ተሳቢዎች ሞልተውት ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይለምናቸው ነበር። ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ትኩስ ሳምቡሳ በልቼ ሳልጨርስ የፋብሪካው ሰርቪስ መጣ። ውስጡ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ፣ ሲስተር ዘነበች፣ ነበረች። ሾፌሩ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ያሳለፉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

ቂሊንጦ

ከአቃቂ ወጥተን ወደ ቂሊንጦ ስንታጠፍ የደረሰ ጤፍ በግንባታዎቹ መሀል ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ሴቶቹ በምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ጠበቁኝ። ብዙዎቹ ከሃያ ብዙም አላለፉም።

«ስልክ ጡት መያዣ ውስጥ መክተት ካንሰር ያመጣል?» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ የግማሾቹ ስልክ እዚያው ነበር። እንደማያመጣ ነገርኳቸው። ከዚያ በጣት እንዴት እንደሚዳሰስ አሳየሁ፤ የማያም ጠንካራ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የተሳበ ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካዩ እንዳይቆዩ ተናገርኩ።

እያወራሁ ቀና ስል ጋሽ ሰይድን ከመስኮቱ ውጭ ቆመው አየኋቸው። ሴቶቹን የሚያዩ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ። ሰውዬው ግን የሚያዩት ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የጡት ሥዕል ነበር። ንግግሬን እስክጨርስ አልተንቀሳቀሱም።

አቃቂ

ስንመለስ ሲስተር ዘነበች መድኃኒት ለመግዛት አቃቂ ላይ ወረደች። ጋሽ ሰይድ መኪናውን ከአሮጌው ባቡር ሐዲድ አጠገብ አቁመው ሞተሩን አጠፉ። ባጃጆች በጥሩምባ እየተጨቃጨቁ ያልፋሉ። ከወንዙ በኩል የፋብሪካ ፍሳሽ ሽታ ይመጣል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

«ይጠይቁኝ ጋሽ ሰይድ።»

«ያ ያሉት እብጠት... ወንድ ላይ ይወጣል?»

«አልፎ አልፎ ይወጣል። ለምን? ባለቤትዎ ናቸው ያመማቸው?»

«ሚስቴማ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።» ግራ እጃቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ነው። የመኪናው ቀበቶ ያመጣው ነው ብዬ ፎጣ ሳስገባበት ከረምኩ። አልጠፋ አለኝ።»

ክው አልኩ። ስለ ወንድ ጡት ካንሰር አንብቤያለሁ፤ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝም «አዎ፣ አለ፣ ግን ጥቂት ነው» ብዬ ወደ ሌላው አልፋለሁ። ያ «ጥቂት» ያልኩት አሁን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የኔን መልስ ይጠብቃል።

«እርስዎ ይዩልኝ» አሉ።

«እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም። የላቦራቶሪ ዶክተር ነኝ። ሲስተር ትምጣና እሷ ትይዎት።»

«እሷንማ አይሆንም! በየቀኑ የማደርሳት ልጅ! ነገ ፋብሪካው ሁሉ ሰይድን የሴት በሽታ ያዘው ይለኛል።» ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ይህን ነገር ብዙ ዓመት አጥንቻለሁ ብለዋል። ስንት ወንድ አዩ?»

«አንድም» አልኩ።

ከዚያ በማውቀው መንገድ ማስረዳት ጀመርኩ። ወንድም ሴትም ማህፀን ውስጥ ሳሉ ደረታቸው ላይ አንድ ዓይነት ዘር እንደሚተከል፣ በሴቷ እንደሚያድግ፣ በወንዱ ትንሽ ሆኖ እንደሚቀር፣ ግን እንደማይጠፋ ነገርኳቸው። «እርስዎም እኔም በዚህ አንድ ነን። በሽታው የሴት ነው ያለው ሰው ነው፤ አካላችን አላለም።»

«እንግዲያው ሲስተር ትየው» አሉ። ሲስተር ዘነበች መድኃኒቷን ይዛ ስትመጣ ራሳቸው ወርደው የኋላውን በር ከፈቱላት። «ሲስተር፣ ነውሬን ለማንም እንዳትነግሪ» አሉና የመኪናውን መጋረጃ ሳቡት።

ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲስተር ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ድንጋይ ነው ዶክተር። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብብታቸው ሥር ግን እብጠት አላገኘሁም።» አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ስንት ዓመት አብሬያቸው ስመላለስ!»

እንደዚህ ያለውን እብጠት ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ በአጉሊ መነጽር መስታወት ላይ ሆኖ ነው የማውቀው። አሁን ግን ያው እብጠት ሸሚዙን እየቆለፈ ከመኪና ወረደ።

«ሆስፒታል እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ለሚስቴ ግን እኔ አልነግራትም። አንደበቴ አይችልም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ኮዬ ፈጬ

በዕቅዴ ያልነበረው መንገድ በዚህ ሁኔታ ተጀመረ። ጋሽ ሰይድ የሚኖሩበት ኮዬ ፈጬ ስንደርስ ኮንዶሚኒየሞቹ እስከ አድማስ ተደርድረዋል፤ ሰዎች ውኃ በጄሪካን ደረጃ ለደረጃ ያወጣሉ። እኛም ከኋላቸው ወጣን።

የጋሽ ሰይድ ባለቤት፣ ወይዘሮ ዘሃራ፣ በሩን ከፍተው እኔንና ሲስተርን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አስገቡን፤ ቁጭ በሉ ግን አላሉንም።

«ወይዘሮ ዘሃራ፣ ጋሽ ሰይድ ታመዋል» አልኩ። «ጡታቸው ላይ እብጠት አለ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ መመርመር አለባቸው።»

ሳቁ። «ጡታቸው? የማን ጡት?» ከዚያ ባላቸውን አዩ። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። የሴትዮዋ ሳቅ እዚያው ቀረ።

«ለዚህ ነው ሳሎን የምትተኛው?»

ወደ ባላቸው ተጠጉ።

«ለዚህ ነው ልብስህን ከኔ ተደብቀህ የምትቀይረው? ተናገር እንጂ!»

«አፈርኩ ዘሃራ።»

ወይዘሮ ዘሃራ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። «እኔ እኮ ሌላ አግብቷል ብዬ ነው! ዱካውን ስከተል፣ ስልኩን ስፈትሽ የከረምኩት! የምትወስድብኝ ሴት ነበር የምፈልገው፤ ለካ...» ጨርሰው መናገር አልቻሉም። ጭንቅላታቸውን ይዘው አለቀሱ፤ ከእፎይታ ይሁን ከድንጋጤ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። እኔም እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ሲስተር ሶፍት ስትሰጠኝ ነው።

ወዲያው ተነሱና የባላቸውን ሸሚዝ ራሳቸው ፈቱ። አዩት። መዳፋቸውን እብጠቱ ላይ አደረጉ። «መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

ሆስፒታል

በዚያው ሳምንት አብሬያቸው ሄድኩ። የጡት ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበሮች በሴቶች ተሞልተዋል። ወይዘሮ ዘሃራ ሲገቡ ሁለት ሴቶች ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ጋሽ ሰይድን ማንም አላያቸውም። ተራ ሲደርስ የካርድ ሠራተኛዋ ብቅ አለች።

«ታማሚዋ የታለች?»

ወይዘሮ ዘሃራ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ሰይድ ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩአቸው። አንዲት አሮጊት «ወይ ጉድ! እሳቸውንም?» ሲሉ ተሰማኝ፤ ከዚያ ዘወር ብለው «ግቡ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት» አሏቸው።

ምርመራው የፈራነውን አረጋገጠ። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ቦታ አልተዛመተም አሏቸው፤ አሁን በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ላይ ናቸው። ከእብጠቱም ቁራጭ ለጥናታችን ይውሰዱ ብለው ፈቀዱ። አጉሊ መነጽሩ ሥር አየሁት። ያው የማውቀው ካንሰር ነው። የሰውየውን ጢም፣ መሪውን፣ እፍረቱን የሚናገር ምንም ነገር የለበትም።

ስድስት ኪሎ

ከወራት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። ዕድሜዬን ያጠናሁት በሽታ ከኔ ጋር በአንድ መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ አላወቅሁትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ከእንግዲህ አዳራሽ ስገባ ወንዶቹም ይግቡ እላለሁ፤ ለጥናቱ ሰው ስጠራም ሴቶች ብቻ ብዬ አልጽፍም።

ትናንት ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ። ወደ መሪያቸው ተመልሰዋል።

«ዶክተር፣ የፋብሪካው ጥበቃ ሰውዬ ዛሬ ጠየቀኝ። እውነት ወንድንም ይይዛል ወይ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ና መኪናው ውስጥ ግባ፣ መጋረጃውን ሳበው አልኩት። ሸሚዜን ከፍቼ አሳየሁት። ከዚያ እሱም የራሱን ከፈተ፤ እብጠት አለበት። ነገ ከሲስተር ጋር ይዘነው ሆስፒታል እንመጣለን።»