ያልተለካው ሽፋን

ማክሰኞ፣ የካቲት 14። ናሙና አርባ አንድ፤ የውጭው ሽፋን ተለክቷል፣ የመካከለኛውም ተለክቷል። የውስጠኛው ቦታ ባዶ ነው።

የለኪው እህት የቤተ ሙከራውን መዝገብ ከያዘች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ወንድሟ እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ትቶባት አያውቅም። ሥራው ከሞቱ ሰዎች የተወሰደን የልብ ደም ቧንቧ በሦስት ሽፋን ለይቶ መላጥ ነበር። እያንዳንዱን ሽፋን እንደ ሪባን ቆርጦ በመወጠሪያው ማሽን ይስበዋል፤ በስንት ኃይል ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ የት ላይ እንደተበጠሰ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እሷ ትጽፋለች። የልብ ሕመም ገና ሲጀምር፣ ቧንቧው ሳይጠብ፣ የትኛው ሽፋን ቀድሞ ጠባዩን እንደሚለውጥ ለማወቅ ነው። ሲልጥ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ሽንኩርት» ይሉታል።

«ሽንኩርትስ ያስለቅሳል፤ እኔ ማንን አስለቀስኩ?» ይላቸዋል።

በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት ወረንጦውን አስቀምጦ ደረቱን አሻሸ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ጨጓራዬ ናት። ምሳ አሳልፌባት አኩርፋ ነው።»

«የልብ ሐኪሞቹ እላያችን ፎቅ ላይ አይደሉ? ወጥተህ ታይ እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ! ለጨጓራ የልብ ሐኪም ይቸገራል? ይቺን ነገ እንጨርሳታለን፤ እጄ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

የሰውን ቧንቧ በፀጉር ውፍረት የሚለካ ሰው የራሱን ሕመም «ጨጓራ» ብሎ አለፈው። እሷም አመነችው። በማግስቱ ከአልጋው አልተነሳም።

ከቀብሩ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መጣ። «እህቴ፣ ሽፋኑ እንደሆን ደርቆ ተበላሽቷል። የሌሎቹን አማካይ አስገቢበትና ሰንጠረዡ ይዘጋ።»

አማካዩን ብታስገባ ወንድሟ ያላለውን ቁጥር በአፉ ማስቀመጥ ይሆንባታል። «ጋሼ ያልጠራውን አልጽፍም» አለችው፤ ኃላፊው አቀርቅሮ ወጣ። በባዶው ቦታ «አልተለካም» ብላ ሞላች። ምክንያት በሚለው ሥር «ጨጓራ» ልትጽፍ ቃጣትና ተወችው፤ «ለኪው ልቡን ታሞ» ብላ ጻፈች። «ልብ» የሚለው ቃል የዘገየው አንድ ቀን ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ማክሰኞ ስምንት ቀን ዘግይቷል።

የጻፈችውም እሱ ባመጣላት መነጽር ነው። በዚያው ማክሰኞ፣ ምሽት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ የተሰበረ መነጽሯን ከጠጋኙ ተቀብሎ ቤቷ ድረስ አድርሶላት ነበር።

«በይ እታለም፣ ከእንግዲህ ሰባትን አንድ ብለሽ ብትጽፊ ምክንያት የለሽም» አላትና ሁለት ጊዜ አረፍ እያለ ደረጃውን ወረደ።