የኢንጂነሩ ጭቃ

ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ቤት ልግዛ የሚል ሐበሻ ሁሉ ከባንኩ በፊት ጋሽ አለምሰገድ ጋ ነበር የሚሄደው። «ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን ቤት ይዩልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው ይመጡና ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ጣሪያውን አንጋጠው ያያሉ፤ «ጥሩ ነች፣ ግዛ» ይላሉ። በቃ፣ ሰው ይገዛል። እኔ ስንዱም ኮንዶዬን የገዛሁት በእሳቸው ኳ ኳ ነው። በስድስተኛው ወር ቧንቧው ፈነዳ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥራዬ ጽዳት ነው። ከኦሮራ ወጣ ብሎ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ሲነዳ፣ አንድ ትልቅ የድሮ እርሻ አለ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሹገር ቢት የሚሉትን፣ ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዘመድ ያበቅል ነበር። ባለርስቱ ከሜክሲኮ ሠራተኛ አስመጣና «ቤት ከፈለጋችሁ አፈሩ ያውላችሁ» አላቸው። ሰዎቹም አፈሩን ቆፍረው፣ በጭድ አቡክተው፣ ጡብ አድርገው በፀሐይ አድርቀው አምስት ትንንሽ ቤት ሠሩ። እርሻው ሲሸጥ አንዱ የዶሮ ቤት ሆነ፣ አንዱ የጭድ ማከማቻ፣ የቀሩት ወና። በኋላ ሊንዳ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ገዛቻቸውና አድሳ ለእረፍት ለሚመጣ ሰው ላከራይ ብላ ተነሳች። ሁለቱ አልቀው እንግዳ መቀበል ጀምረዋል። አልጋ የማነጥፈው እኔ ነኝ።

ችግሩ ግድግዳው ነው። ኮንትራክተሩ በሲሚንቶ ይለስናል፤ በረዶው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሚንቶው እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። ሊንዳ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና «ዘንድሮ ካልያዘ ሦስቱን አፈርሳቸዋለሁ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ ይህንኑ ሳወራ ጋሽ አለምሰገድ ሰሙኝ።

«ሲሚንቶ በጭቃ ላይ? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው!» አሉ። «ጭቃ የሚስማማው ከጭቃ ጋር ነው። ለመሆኑ ስንት ቀን አቦኩት?»

ኢንጂነር ከማቡካት ጋር ምን አገናኘው? ትክ ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ነገሩ እንዳመለጣቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሹልክ አሉ። እኔ ደግሞ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ማክሰኞ ጠዋት ጎትጉቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

እዚያ ስንደርስ ኮታቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ሰቀሉና አፈሩን ዘገኑ። አሹት፣ አሸተቱት፣ ውኃ ጠብ አድርገው አድቦለቦሉት። እጃቸው ሲሠራ ሌላ ሰው ሆኑብኝ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ስንዱ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም» አሉኝ። «ጭቃ ለሳኝ ነኝ። እናቴ የሰው ቤት እየለሰነች ነው ያሳደገችኝ። ጭቃ መርገጥ የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው።»

ወይ ጉድ! ነገሩ እንዲህ ነው። ዴንቨር እንደገቡ አንዱ «አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?» አላቸው። «ግንባታ ላይ ነበርኩ» አሉ፤ ውሸት አይደለም። ሰውየው «ኢንጂነር ነህ በለኛ!» ሲል ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእሳቸው ነቀዘ። ኋላ ሚስታቸው የሆነችውን ጤናዬን ለማግባት ሽማግሌ ሲልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ወንድሟ ቤት ገብተው «ልጃችን ኢንጂነር ነው» ብለው ጨረሱት። ልጅቷ በዚያ ቃል ተሰጥታ ሳለ «አይ፣ ጭቃ ለሳኝ ነኝ» ይበሉ? ከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደረደሩ። ሰው ግን «ምስኪን፣ ዲግሪውን አልቀበል ብለውት እኮ ነው» ይላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ? የጋሽ አለምሰገድ ግን እያደር ከበደ። ጤናዬን እንኳ ሳይነግሯት ቀበሯት።

«እሠራዋለሁ» አሉኝ። «ግን ሔቨን እንዳትሰማ። በእናትሽ።»

ሔቨን አንድ ልጃቸው ናት፤ ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አፌ እንደማያርፍ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን በእናቴ ከተለመንኩ ምን አደርጋለሁ፣ ማልኩ።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በባዶ እግራቸው ጉድጓድ ገቡ። ሊንዳ ቦት ጫማ ይዛ ስትሮጥ መጣች። «እግር ያላገኘው ጠጠር ግድግዳ ይሰነጥቃል በያት» አሉኝ። ጭቃው ጭድ ተደባልቆበት ከሳምንት በላይ ተቀመጠ። ሽታው! ሊንዳ «ተበላሽቷል፣ ይደፋ» አለች። «ገና መብሰሉ ነው» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ለማጠናቀቂያው ደግሞ ባልዲ ይዘው ከጎረቤት ግጦሽ የላም እበት ለቀሙ። ሊንዳ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ኦርጋኒክ ነው» አልኳት። ዋሸሁ እንዴ?

ሰኔ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል በረዶ ወረደ። የመኪናዬ መስታወት ተሰነጠቀ፤ የተረፈው ሲሚንቶ ሁሉ ረገፈ። የጋሽ አለምሰገድ ግድግዳ ጠቃጠቆ ብቻ አወጣ፤ በማግስቱ በእርጥብ መዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ዘጉት። ሊንዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሊንዳ አስተማሪ አይደለች? ለምርቃቱ የቤቶቹን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ልታቆም ነበር። መዝገብ ቤት እየሄደች ያገኘችውን አሳየችን፤ የባለርስቱ ስም ከነአያቱ አለ፣ የበቅሎዎቹ ስም ሳይቀር አለ። ቤቶቹን የሠሩት ሰዎች ግን «ሠራተኞች» ተብለው ብቻ ነው የተጻፉት።

«እኔ ያንን አልደግምም» አለች። «ስምዎንና ሙያውን ከማን እንደተማሩ ጽፈው ይስጡኝ።»

ጋሽ አለምሰገድ ኮታቸውን አንስተው ወደ መኪናዬ ቸኮሉ። መኪና ውስጥ ስንገባ «የአንቺን ስም ጻፊበት» አሉኝ።

«እኔ ምን ለስኜ? ሰው ይስቅብዎታል ብለው ነው?»

«ሰው ይሳቅ። ሔቨን ናት የምታሳስበኝ። ልጄ ካፈረችብኝ ምን ይቀረኛል?»

«እናትዎንስ? ሙያውን ያስተማሩዎት እሳቸው አይደሉም?» አልኩኝ። ተናድጄ ነበር። «የባለርስቱ በቅሎ እንኳ ስሟ ተጽፎ የለ? እናት ከበቅሎ ታንሳለች?»

አፌ ቁርጥ ይበል፣ ከመጠን አለፍኩ። ኦሮራ ስንደርስ የመኪናውን በር ድርግም አድርገው ወረዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሊንዳ የጠየቀቻቸውን የጻፉበትን ወረቀት አጥፈው ሰጡኝ፣ እኔም ለሊንዳ ሰጠኋት።

በምርቃቱ ቀን ሔቨንን ራሳቸው ይዘዋት መጡ። መንገድ ላይ ሊነግሯት አስበው ነበር፤ አልቻሉም። ሰሌዳው ፊት አቆሟትና ራቅ ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሰሌዳው በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ የእነዚህን ቤቶች ግድግዳ ያደሰው አለምሰገድ ነው። ጭቃ ለሳኝ ነው። ሙያውን የተማረው ከእናቱ ከወይዘሮ ቀጸላ ነው፤ እሷም ጭቃ ለሳኝ ነበረች።

ሔቨን ሁለቴ አነበበችው። ዞር ስትል ፊቷ ቀልቷል።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ?»

እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ካሌጅ ኢንጂነሪንግ የገባሁት ላንተ ብዬ ነበር። ሁለቴ ፌይል አደረግኩ። 'የኔ ልጅ ሆነሽ ሒሳብ ይከብድሻል?' አልከኝ። ረሳኸው? ስቱፒድ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ታውቃለህ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ አለምሰገድ። «እንዳታፍሪብኝ ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«እና የአያቴን ስም ከሰሌዳ ላይ ላንብብ? እስከ ዛሬ ስሟን እንኳ አላውቅም እኮ!»

ሊንዳ ኬክ ይዛ ስትመጣ በዓይኔ መለስኳት። ሔቨን ቁልፏን ይዛ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ በሩን ከፈተች፤ ቆመች። ተመልሳ መጣች።

«ፎቶዋ አለህ?»

«የለም» አሉ። «ጭቃ ለሳኝን ማን ፎቶ ያነሳል?»

ሔቨን አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ምን ትመስል ነበር?» አለቻቸው።

ጋሽ አለምሰገድ ቀና ብለው ፊቷን አዩ። «አንቺን» ሊሏት ፈልገው እንባ ቀደማቸው።