እንጥል የቆረጥኩባቸው መኪኖች

ጋራዥ የገባሁ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። እናቴ «ሰው ሥራ የሚገባው ንጹሕ ሆኖ ነው» ብላ አጥባ ያለበሰችኝ ነው። የደባርቁ ጋራዥ ባለቤት ጋሽ ታፈረ ከላይ እስከ ታች አየኝና እጄን ይዞ ወደ አንድ የጭነት መኪና ኋላ ወሰደኝ። እጅጌዬን በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ወጥሮ ለሾፌሩ «ርገጥ!» አለው።

ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ። እጅጌዬ ጠቆረ።

«ምን ይላል?» አለኝ ጋሽ ታፈረ።

«ምንም አይልም፤ ሸሚዜን አበላሸው።»

«ይላል እንጂ! ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ይላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቷል። ፊደል ቆጥረሃል አይደል? ይኼንንም ቁጠር።»

ትምህርቴ በዚህ ተጀመረ። እናቴ ግን ለአንድ ወር ያህል የጋሽ ታፈረን ስም በደግ አላነሣችም።

በእኛ ጋራዥ ማዕረግ የሚታወቀው በያዝከው ዕቃ ነበር። መጀመሪያ ብሩሽና ናፍጣ ይዘህ ዕቃ ታጥባለህ። ቀጥሎ ክሪክ ይዘህ ጎማ ትፈታለህ። ከዚያ የቁልፍ ሳጥን ተሸክመህ ረዳት መካኒክ ትባላለህ። በመጨረሻ ሞተር ከፋች ትሆናለህ፤ ሞተር ከፋች ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። እኔ እዚያ ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። ከደረስኩ በኋላ ግን ብዙ ተናገርኩ።

የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው። ቀሪውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አንድ ወፍራም የጥገና መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ገጽ በገጽ እየተረጎምኩ በእርሳስ እጽፍ ነበር። መጨረሻ ላይ ስለ ጭስ መቆጣጠሪያ የሚያወራ ምዕራፍ ነበረው። እሱን ዘለልኩት። «ይኼ ለአዲስ አበባ ሰዎች ነው፤ የስሜን አየር ንጹሕ ነው» ብዬ ነው የዘለልኩት። ስንፍናዬን የአገር ፍቅር አልብሼው ነበር።

ጋሽ ታፈረ ዕድሜው ሲገፋ ጋራዡን ለእኔ ለቀቀልኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት የቤንዚን ሚኒባስ ሊማሊሞን እያለከለከች ወጥታ መጣች። ሾፌሩ «ጋሽ ሙላት፣ ይህች ልጅ ትንፋሽ አጥሯታል» አለኝ። ካንዴላዋን አየሁ፣ የአየር ማጣሪያዋን አራገፍኩ፣ ለውጥ የለም። ከሥር ገብቼ የጭስ ማውጫዋን ስፈታ፣ ከሞተሩ ዝቅ ብሎ የእንቁላል ቅርጽ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን አገኘሁ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ሁሉ በጥላሸት ተደፍኗል።

ሳጥኑን ቀደድኩት፤ በመሮና በመዶሻ ውስጡን አራግፌ ባዶውን መልሼ በየድኩት። ሚኒባሷ ተፈተለከች። ሾፌሩ ዞሮ ሲመለስ በመስኮት ብቅ ብሎ «ለካ እንጥሏ ወርዶ ኖሯል!» አለ።

በዚያ ቀን ስም ወጣለት። የዕቃው እውነተኛ ስም ካታላይዘር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። እንጥል ሆኖ ቀረ።

እንጥል ማስቆረጥ ለምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ሳይታመም፣ ወደፊት እንዳይታፈን ተብሎ ይቆረጣል። የመኪናውም እንደዚያው ሆነ። ታፍና የመጣችውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛዋንም ያመጡልኝ ጀመር። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ጠዋት ቄስ ጠርቶ ጠበል ያስረጫል፤ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ እንጥሏን ያስቆርጣል። ከዳባት መጡ፤ ከመካነ ብርሃን እንኳ ያን ሁሉ አቀበት አቆራርጠው መጡ። እኔም አንድ ቀን «ለምን ተገጠመ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ጥላሸት የለበሰውን ማር እንጀራ አንድ ቆራሌ እየመጣ በኬሻ ይወስደው ነበር። ሲያየው ዓይኑ ያበራል። ውድ ማዕድን እንዳለበት እሱ ያውቅ ኖሯል። በጋራዤ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ባለቤቴ ወይንሸት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሥራዋ በየቀበሌው እየዞረች «እንጥል አታስቆርጡ» ማለት ነው። አንድ ቀን ከገጠር ደክማ ስትመለስ ጋራዥ ጎራ አለች፤ ሦስት ሚኒባስ ተሰልፏል።

«ለምንድን ነው የተሰለፉት?» አለች።

«እንጥል ሊያስቆርጡ» አላት አንዱ ሾፌር።

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሰው፣ እኔ በእግሬ ስንከራተት የምከለክለውን አንተ በወረፋ ትሠራዋለህ?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስለ ሥራ ክብር ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ልጆቼን ያሳደግኋቸው በምክር ነው። እነሱ «በምክር ብዛት ነው» ይላሉ።

ከልጆቼ መካከል የእኔን ሙያ የተከተለችው ማስተዋል ናት። ጎንደር ኮሌጅ ገብታ አውቶሞቲቭ ተማረች፤ ከዚያ በዳባትና በደባርቅ መካከል በተከፈተ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ተቀጠረች። ሥራ በጀመረችበት ዋዜማ አስቀምጬ መከርኳት። «የማንንም ፊት አይተሽ እንዳትፈርሚ። ባለሥልጣን ይምጣ፣ ዘመድ ይምጣ። አባትሽም ቢመጣ!» አልኳት። የመጨረሻዋን ለማሳመር ነበር የጨመርኳት።

ሐጂ እድሪስ የዳባት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከዳባት ጎንደር የምትሠራ የቤንዚን ሚኒባስ አለቻቸው። ከገዟት በሁለተኛው ወር እንጥሏን ቆርጬላቸዋለሁ። ጤነኛ ነበረች። ዓመታዊ ምርመራዋ ደርሶ ቦሎዋ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ጠሩኝ። ቦሎው የሚያልቀው በገበያው ዋዜማ ነው። አዲስ ቦሎ ካልተለጠፈባት መናኸሪያ አትገባም፤ ገበያተኛውንም ሌላ ሰው ይጭነዋል።

«አብረን እንሂድ። መርማሪዋ ልጅህ አይደለች?» አሉኝ።

«ልጄ ለማንም ፊት አትሠራም» አልኩ በኩራት።

«እኔስ የአንተን ሥራ አምኜ ነው።»

ማስተዋል ፍሬኑን አየች፣ መብራቱን አየች፣ መሪውን አወዛወዘች። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ የጭስ መለኪያውን ዘንግ በጭስ ማውጫው ውስጥ ከትታ ቁጥሩን ተመለከተች። ፊቷ ተለወጠ።

«አላለፈችም» አለች።

«መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት አስተካክዬዋለሁ።»

«እንግዲያው ከፍታው ነው። የእኛ አገር አየር ስስ ነው።»

«አባዬ፣ ካታላይዘሯ የት አለ?»

ሐጂ እድሪስ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ቆረጥኩት።»

«ታፍና ነው ወይስ እንዳትታፈን ብለህ?»

ጎንበስ ብዬ ጎማዋን መመርመር ጀመርኩ። እሷ ግን ለሐጂ አስረዳቻቸው። ያ ማር እንጀራ ሞተሩ አቃጥሎ ያልጨረሰውን ያቃጥላል። እሱ ከሌለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም ጋዝ ይወጣል። በነጭ ጨርቅ አይታይም። ከሥር ገብታ ደግሞ የእኔን ብየዳ በእጅ ባትሪ አበራችበት፤ በስንጥቁ በኩል ጭሱ ወለሉን አልፎ ወደ ተሳፋሪዎቹ ይነፍሳል።

«ሐጂ፣ ተሳፋሪዎችዎ ራሳቸውን ያማቸዋል?» አለቻቸው።

«አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ሁሉም ራሴን ራሴን ይላሉ። ብርዱ ነው እያልን መስኮቱን እንዘጋላቸዋለን።»

«መስኮቱን አይዝጉት» አለች ማስተዋል።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ስንት ሰው በእኔ መሮ ራሱን እንደታመመ እያሰብኩ መመለስ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ስሜ ነው። «በራሱ ልጅ ወደቀ» ይሉኛል እያልኩ ነው የተመለስኩት።

አሁን የምጽፈው የሚያኮራኝ አይደለም። ደባርቅ ውስጥ እንጥሏ ያልተቆረጠ፣ ከሐጂ እድሪስ ሚኒባስ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች መኪና አንዲት ብቻ ነበረች። ባለቤቷ ጎብኚ የሚያመላልስ ደሳለኝ የሚባል ሰው ነው። ሄጄ የጭስ ማውጫ ቧንቧዋን ከነእንጥሏ ለግማሽ ቀን እንዲያውሰኝ ለመንኩት።

«ጋሽ ሙላት፣ ስትቆርጥ ኖረህ ደግሞ መቀጠል ጀመርክ?» አለኝ።

«ትሰጠኛለህ ወይስ ትቀልዳለህ?»

«ሁለቱንም» አለና ሰጠኝ።

በገበያው ዋዜማ የደሳለኝን ቧንቧ ሚኒባሷ ላይ አስሬ ከሐጂ ጋር ወደ ጣቢያው ተመለስን። ማስተዋል ዘንጉን ከተተች። ቁጥሩ ወረደ። ሐጂ እድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ደረቴን መንፋት ጀመርኩ።

ልጄ ግን ባትሪዋን ይዛ መኪናዋ ሥር ወዳለው የምርመራ ጉድጓድ ወረደች። ከሥር የምሰማው የእግሯን ድምፅ ብቻ ነበር። ቆየች።

«አቶ ሙላት» አለች ከሥር። አባዬ ቀርቶ አቶ ሙላት ስትለኝ ነገር እንደከፋ አወቅሁ። «ይህ ቧንቧ የማን ነው?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

መዋሸት አቃተኝ። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አትዋሺ» እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ ፊት ውሸት ከአፌ እምቢ አለኝ እንጂ።

«የደሳለኝ ነው» አልኩ።

ከጉድጓዱ ወጣች። እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ቅጹንና እስክሪብቶውን አነሣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቁጥሩ አልፏል። ብፈርም የሚያውቅ የለም። ልፈርም አባዬ?» አለች።

እየተፈታተነችኝ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገር ነበር። ፈርሚ ብላት ትፈርም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሕይወቷ ሙሉ አንዲት ቃል ልመክራት አልችልም።

«አትፈርሚ» አልኳት።

«ያ አላህ!» አሉ ሐጂ እድሪስ፤ መቁጠሪያው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «አባትና ልጅ በእኔ መኪና ላይ ትጸድቃላችሁ? ነገ ገበያ ነው! እናንተ ገነት ስትገቡ እኔ ምን ልግባ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በራሴ ወጪ አሠራለሁ» አልኳቸው።

«ማሠራቱስ ግድህ ነው። ነገ ግን ተሳፋሪዎቼ እድሪስ የት ሄደ ሲሉ ማን ይመልስላቸዋል? አንተ ትመልሳለህ። ዳባት መናኸሪያ መጥተህ፣ እኔ በምቆምበት ቦታ ቆመህ፣ በአፍህ!»

ሄድኩ። በገበያው ጠዋት ብርዱ ገና ሳይለቅ ከሚኒባሷ መቆሚያ ላይ ቆምኩ። አንዲት የቅቤ እንስራ ያዘሉ እናት «የሐጂ መኪና የታለች?» አሉ።

«ምርመራ ወድቃ ቆማለች። ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ ማነህ?»

«መካኒኳ።»

«እና መካኒክ የሚያበላሸው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። እንጥል ስለሚባለው ነገር፣ ስለማይታየው ጋዝ፣ ስለ ብየዳዬ ስንጥቅ ነገርኳቸው። ስሰብክ የሚያቋርጠኝ ብዙ ነበር፤ ሲናዘዙ ግን ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ሴትዮዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እና ራሴን ሲፈልጠኝ የከረመው የአንተ መዶሻ ነዋ!» አሉ። መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳይበርድ ከወረፋው መጨረሻ አንድ ሾፌር እጁን አወጣ። «ጋሽ ሙላት፣ የእኔንም አንተ ነህ የቆረጥካት።» ሌላው «የእኔንም!» አለ። ሦስተኛው ኮፈኑን ደገፍ ብሎ በዓይኑ ያየኝ ነበር፤ የእሱንም አውቃታለሁ። «ሁላችሁም ኑ፤ በየተራ» አልኳቸው።

የሐጂ መኪና፣ አዲሱ ካታላይዘር ከጎንደር እስኪመጣ፣ ዘጠኝ ቀን ቆመች። ሲመጣ በአዲስ ጓርኒሲዮን አሽጌ ገጠምኩት፤ የተበላውን ካንዴላ ቀየርኩ፤ የኦክስጅን ሴንሰሯን ሽቦ አደስኩ፤ የተሰነጠቀውን ቧንቧ እስከነ ብየዳው ቆርጬ ጣልኩ። ማስተዋል ለካችው፣ ከሥር ገብታ አየችው፣ ፈረመች። ሐጂ እድሪስ ቦሎውን ራሳቸው መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ከሌሎቹ መኪኖች ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት እንጥላቸውን እስከ ዛሬ መልሻለሁ፤ የቀሩት ወረፋ ይዘዋል። ያንን የዘለልኩትን ምዕራፍም ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስነብባኛለች።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው። ዕቃ ከመንቀልህ በፊት ለምን እንደተተከለ እወቅ። ካላወቅህ የሚያውቅ ጠይቅ፤ የሚያውቀው ልጅህ ቢሆንም።