የሳምንቱ ዘንቢል

ድረ ገጼን «ዘንቢል» ብዬ የሰየምኩት በአባቴ ምክር ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሊንክ፣ ቪዲዮም ይሁን ጽሑፍ፣ በየርዕሱ ሰብስቦ ለሌላው የሚያጋራበት ቦታ ነው። ለስብስቡ ስም ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ስጨነቅ፣ ከደማም ወደብ ከሥራ የገባው አባቴ ጫማውን እያወለቀ፣ «ዕቃ የሚሰበሰብበት ከሆነ ዘንቢል በይዋ! ዐረቡም ዘንቢል ነው የሚለው፤ አስተርጓሚ አያስፈልግሽም» አለኝ።

እኔ እዚሁ ሳዑዲ፣ ደማም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አማርኛ ቤት ውስጥ እናገራለሁ፤ መጻፉን የደፈርኩት ግን ይህን ስሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የአማርኛ ስም ባገኘሁ ቁጥር ወንበሬ ላይ እዘል ነበር። ዘንቢሉን ሌላ ሰው እንዲያየው ለሚፈልግ «ክፍት»፣ ለማይፈልግ ደግሞ «ዝግ» የሚል ቁልፍ አደረግሁ። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ማንም ይገባዋል አልኩ።

ያስጀመርኩት አንድ አርብ ነው። እናቴ ሳምቡሳ ጠበሰች፣ አክስቴም መጣች። አክስቴ የምላት የሥጋ ዘመዴ ሆና አይደለም፤ የእናቴ የአገሯ ልጅ ናት፣ ሁለቱም ወሎዬዎች። ጎረቤት ከተማ ኾባር፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የአርብ ዕረፍቷን እኛ ጋ ታሳልፋለች። እሷ ማዕተቧን አስራ፣ እናቴ መስገጃዋን አጥፋ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲተራረቡ ነው የሚውሉት።

አክስቴ ደሴ አንዲት ልጅ አለቻት፣ እኩያዬ። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች፤ የአክስቴም ነገር ሁሉ በዚያ ፈተና ላይ ነው የተንጠለጠለው። «ልጄ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትግባ እንጂ፣ በማግስቱ ኹሩጄን፣ የመውጫ ቪዛዬን፣ አስመትቼ፣ ጠቅልዬ አገሬ ነኝ» ትል ነበር። ካላለፈች ከፍሎ የግል ኮሌጅ ማስተማር አለ፤ እሱ ማለት ደግሞ እዚሁ መቆየት ነው።

«ለእኔም ዘንቢል ስጪኝ እንጂ፣» አለች ሳምቡሳዋን እያኘከች። «ገበያ ሳልወጣ ልሙላ።»

«አንቺ ደግሞ ሞልተሽው ማን ይሸከምልሻል?» አለች እናቴ።

መዘገብኳት፤ ፎቶዋንም አስገባሁላት። ለፈተናው የሚሆኑ የሒሳብና የባዮሎጂ ቪዲዮዎች የሰበሰብኩበት ዘንቢል ስለነበረኝ፣ «ለልጄም ላኪላት» ብላኝ ላክሁላት። ልጅቷ ወዲያው «እህቴ፣ ተባረኪ፣ ከዚህ በኋላ በየቀኑ እገባለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። ከደሴ ድረስ! እናቴን አቅፌ አሽከረከርኳት።

በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ የራሷን ዘንቢል ሞላች። ስድስት ሊንክ፤ ርዕሱ «የጡት እብጠት»። ሁሉም ሐኪሞች በአማርኛ የሚያስረዱባቸው ቪዲዮዎች ናቸው። እኔ ሴቶችን ልትጠቅም ያዘጋጀችው መሰለኝ። እንዴት ኮራሁባት! ደውዬ እንኳ ሳልጠይቃት «የሳምንቱ ዘንቢል» ብዬ ከነፎቶዋ ፊት ገጹ ላይ ሰቀልኩት። ልጅቷ ባዮሎጂ ልታጠና ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የእናቷን ፎቶና ያንን ርዕስ ነው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ይጮኻል።

«ዘንቢሌን ለልጄ ማን ነው ያሳያት?»

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ክፍት ያልሽው።»

«ክፍት ያልኩትማ እኔው እንድከፍተው ነዋ! ዝግ ካልኩት በምን ልከፍተው ነው? መክፈቻ ሰጥተሽኛል?»

ያኔ ነገረችኝ። እብጠቱን ካገኘችው ወር ሆኗታል፤ ሐኪም ቤት የወሰደቻት አሠሪዋ ማዳም ናት፤ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እየተጠበቀ ነው። ለእናቴ እንኳ አልተናገረችም። ልጇ ግን ደውላ ስታፋጥጣት መዋሸት አልቻለችም።

«ፈተናዋን ትጨርስና እህቴ ሄዳ፣ ሰው ባለበት፣ እህል አቅምሳ ትነግራታለች ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ ዱብ ይደረጋል? ለዚያውም ከነፎቶዬ…» አልጨረሰችውም። «ኸላስ፣ እየጠሩኝ ነው።»

ወዲያውኑ አወረድኩት። ቁልፎቹንም «ለሁሉም ይታይ» እና «ለእኔ ብቻ» ብዬ ቀየርኳቸው። ለመቀየር የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መጀመሪያውኑ አክስቴን አስቀምጬ «ይሄ ቃል ምን ይልሻል?» ብላት ኖሮ!

ልጅቷ ለፈተና ልትገባ የቀራት አምስት ቀን ነበር። ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ነው የሚፈተኑት፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። የሐኪሙ ውጤት የወጣው እሷ በገባች በማግስቱ ነው። ውሃ የቋጠረ እብጠት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም፤ ማፊ ሙሽኪላ። አክስቴ ከሐኪም ቤቱ ሳትወጣ ለልጇ ደወለች። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። በየቀኑ ደወለች፣ እኔም ደወልኩ፤ እንደማይነሳ እያወቅን።

ልጅቷ ስትወጣ ለእናቷ፣ «ጥያቄውን አነበዋለሁ፤ ጨረስኩ ስል አንቺን ነው የማገኘው» አለቻት። ውጤቱ ሲመጣ አላለፈችም።

«አክስቴ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ።

«ተነሽ ከዚያ! በክፋት አላደረግሽው» አለችኝ። «ለነገሩ ያ ፎቶ ሲያወፍረኝ! የሳምንቱ ዘንቢልስ እኔው ራሴ ነኝ።» እናቴ ሳቀች። አክስቴ ግን ቀልዷን እንደጨረሰች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ባለፈው አርብ ደግሞ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ኢቃማዬ ሊታደስ ነው፤ ለሁለት ዓመት ፈረምኩ» አለች። እኛ ቤት የመኖሪያ ወረቀት ታደሰ ሲባል ደስታ ነው። እናቴ በልማድ «አልሐምዱሊላህ!» ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን አፍሽን ትይዣለሽ፣» አለቻት አክስቴ፣ «ጤናዬን ይዤ ነው የፈረምኩት።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች። እኔም እንዳለሁ እንዳትሰማብኝ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።